ራዳሩ ይብረር፣ መሰርሰሪያውም አይጣል

አላስካ ውስጥ ያለችው ቤቴል ከተቀረው ግዛት ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። ብርዱ ሲጠና ግን የኩስኮክዊም ወንዝ ራሱ መንገድ ይሆናል። ለእኛ ሰው ቢያስደንቅም፣ እዚያ ሰዉ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ መኪና እየነዳ ገበያ ይወጣል፣ ዘመድ ይጠይቃል። ታዲያ የበረዶው ውፍረት የነፍስ ጉዳይ ነው።

ውፍረቱን ከአየር ላይ በራዳር እንለካ የሚለው ሐሳብ ቆየት ብሏል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር የቀዝቃዛ አካባቢዎች ምርምር ላብራቶሪ ባለሙያዎች ራዳር በሄሊኮፕተር ጭነው በአላስካዎቹ ታናና እና ዩኮን ወንዞች ላይ ሞክረውታል። ሞገዱ አንዴ ከበረዶው ገጽ፣ አንዴ ደግሞ በረዶውና ውኃው ከሚገናኙበት ነጥሮ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ውፍረቱን ትናገራለች። 1 ሜትር በረዶ ዘልቆ ለመመለስ 12 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይበቃዋል። ሰው በመሰርሰሪያ አንዲት ቀዳዳ እስኪበሳ ሄሊኮፕተሩ ብዙ ርቀት ይሸፍናል። ዛሬ ደግሞ ድሮን አለ። ይግፉበት ባይ ነኝ።

ግን ራዳሩ ጎበዝ የሚሆነው በረዶው ወፍራምና ጠጣር ሲሆን ነው። ሲሳሳ ሁለቱ ምላሾች ይደራረቡና መለየት ያቅታል። በረዶው ላይ ውኃ ካቆረ ወይም የተከመረው የበረዶ ብናኝ ከረጠበ ሞገዱ ይዳከማል። ከስር የሚጠራቀም፣ ውኃ ያዘለ የበረዶ ፍርፋሪ አለ፤ የታናናው ሙከራ የእሱን ጥልቀት መለየት አልቻለም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መሣሪያው የሚደናገረው ሰው በሚሰምጥበት ቦታ ነው።

ሌላም አለ። ከስር የሚፈሰው ውኃ በረዶውን ይበላዋል። ባለፈው ሳምንት መኪና የተሸከመ ቦታ ዛሬ እግረኛም ላይችል ይችላል። ስልኩ ላይ ከራዳሩ ልኬት የተሠራ፣ «ደህና ነው» የሚል አረንጓዴ ካርታ ያየ ሾፌር ግን የተለካበትን ቀን መች ያያል?

የቤቴል የፍለጋና ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ወንዙን በአውሮፕላን ይቃኛሉ። ክፍት ውኃ ያለበትን ዙሪያ በአኻያ ቅርንጫፍና በአንጸባራቂ ቴፕ ምልክት ያደርጉበታል። ለራዳር በጀት ሲያዝ የት ይብረር፣ መቼ ይደገም ተብለው መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ራዳሩ ያልለየውን ቦታ ደግሞ ካርታው ባዶ ይተወው፤ በግምት ቀለም አይቀባው። እዚያ መሰርሰሪያ የያዘ ሰው ይላክ፤ አበሉም ከዚያው በጀት ይከፈለው።