እርማት፦ ወፍራም ፍሬን ማስተር ፍሬን አያጠነክርም

መኪናቸውን በራሳቸው ለሚገጣጥሙ ሰዎች «ፍሬኑ በደንብ እንዲይዝ ወፈር ያለ ማስተር ግጠሙ» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። ማስተር ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጡ ባለው ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር ነው። በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ግፊት ማለት ጉልበት ለፒስተኑ ስፋት ሲካፈል ነው። በእግር 40 ኪሎ ብትረግጡና ፔዳሉ 6 እጥፍ ቢያደርገው ማስተሩ ላይ 240 ኪሎ ያርፋል። የማስተሩ የውስጥ ዲያሜትር 25.4 ሚሊሜትር ከሆነ በካሬ ሴንቲሜትር 47 ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ 22.2 ከሆነ ግን 62። የበለጠ የሚጨምቀው ትንሹ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከእግር ስሜት ይመስለኛል። ትልቁ ማስተር ፔዳሉን አጭርና ደረቅ ያደርገዋል፤ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ኃይለኛ ይመስላል። ቡስተሩ (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) በተነሳ መኪና ላይ ድንጋይ እንደ መርገጥ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እግር ይዝላል፣ መኪናው ዘግይቶ ይቆማል።

ትንሹም ቢሆን ገደብ አለው። የሚገፋው ዘይት ስለሚያንስ፣ የካሊፐሩ (ጎማው ጋ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተኖች ትልልቅ ከሆኑ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይችላል።

ለማረጋገጥ፣ ልኩ ብዙ ጊዜ ማስተሩ አካል ላይ ተጽፎ ይገኛል። የግፊት ጌጅ አየር በሚወጣበት ቡሎን ቦታ ግጠሙና በሁለቱም ማስተሮች በእኩል ጉልበት ረግጣችሁ አንብቡ።