በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር? ሰሜን ተራሮች ላይ አይሠራም

«ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከሳንቃበር ካምፕ እስከ ግጭ ካምፕ 3 ሰዓት አይፈጅም» ላልከው፦ ወንድሜ፣ ይሄ የአስፋልት ሒሳብ ነው። መንገዱ ወደ ጅንባር ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፣ ግጭ ካምፕ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባ የለመደ ሳንባም ያለከልካል! ተራራ ወጪዎች በቆየ ሒሳባቸው ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ 1 ሰዓት ይጨምራሉ፣ ያውም የአየሩን መሳሳት ሳይቆጥሩ። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያዝ። ጭላዳዎቹን ቆሞ ማየትም ሰዓት ይበላል። በማግስቱ በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ጨነቅ ካምፕ መድረስ ደግሞ ሙሉ ቀን ነው፣ ማለዳ ተነሱ።