ማስተካከያ፦ የ«ኤክሶደስ» ኪቦርድ የጃኪ ሚቱ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሼር እያረገው ያለው ፖስት ላይ ያለው ፎቶ የጃማይካዊው ኪቦርድ ተጫዋች የጃኪ ሚቱ ነው፣ ጽሁፉ ግን «የቦብ ማርሊን ኤክሶደስ ኪቦርድ የተጫወተው፣ ኪንግስተን ያረፈው» ይላል፣ ሁለቱም ስህተት። በ1977 የወጣው የማርሊ አልበም ኤክሶደስ ላይ ኪቦርዱ የታይሮን ዳውኒ ነው፣ አልበሙ ላይ ስሙ ተጽፏል። ሚቱ ደሞ በሞተ ጊዜ የወጡት ዜናዎችም የህይወት ታሪኩም እንደሚሉት ካናዳ ሄዶ ኖሮ ቶሮንቶ ነው በካንሰር የሞተው፣ በፈረንጆች ዲሴምበር 1990፣ ገና በ42 ዓመቱ።

ከነማርሊ ጋር ጭራሽ አልሰራም ማለት ግን አይደለም፣ የማርሊ ባንድ ዌይለርሶች በ1964 ስቱዲዮ ዋን የሚባለው የጃማይካ ቀረጻ ስቱዲዮ ሲገቡ ሲያጅባቸው የነበረው ስካታላይትስ ነው፣ ሚቱ ደሞ የዛ ባንድ መስራች፣ ያኔ እንኳን 16 ዓመቱ ነበር! በኋላ እዛው ስቱዲዮ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኖ ከስቱዲዮው ባንድ ከሳውንድ ዳይመንሽን ጋር «ሪል ሮክ»ን የመሰለ ሪትም ሰርቷል፣ እስካሁን ስንቱ ዘፋኝ ድምፁን የጫነበት። ለኔ ትልቁ ስራው እሱ ነው።

ስለዚህ ፖስቱ ስር የተለጠፈው የኤክሶደስ ክሊፕ ላይ የምትሰሙት ዳውኒን ነው፣ በሚቱ ስም ፕሌይሊስት ውስጥ ያስገባችሁት ካላችሁ አውጡትና «ሪል ሮክ»ን ክተቱበት።