የዘር ዕድሜ የሚወሰነው ማሳ ላይ ነው

ዘር ስለማቆየት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ቅዝቃዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ የተከፈተው የዘር ማከማቻ ስሙ የገነነው በበረዷማ ተራራ ውስጥ ስለተሠራ ነው። የውስጡ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ሲባል ሁሉም ይደነቃል። ዘሩ እዚያ ከመግባቱ በፊት መቼ እንደተለቀመ ግን ብዙም አይጠየቅም። በእኔ እምነት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ዘር እናት ተክሉ ላይ እያለ መጀመሪያ ስታርች፣ ፕሮቲንና ቅባት ያጠራቅማል። ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ብዙ ሰው «በቃ ደርሷል» ይላል። አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ለድርቀት መዘጋጀቱን ይቀጥላል። እንደ ራፊኖስ ያሉ ስኳሮችንና ሴሎቹን ከጉዳት የሚጠብቁ ልዩ ፕሮቲኖችን ያበዛል። ውሃው ሲወጣ የሴሉ ውስጠኛ ክፍል እንደ መስታወት ይጠጥራል፤ የሚያስረጀው ኬሚካላዊ ለውጥም እጅግ ይዘገያል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ነው ሰውን የሚያሳስተው። የመብቀል ችሎታ ቀድሞ ይመጣል። ድርቀትን መቋቋም ይከተላል። ረጅም ዕድሜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ወፍ፣ ዝናብ ወይም መራገፍ ተፈርቶ በእሸትነቱ የተለቀመ ዘር የብቅለት ፈተናውን፣ ማለትም ከመቶ ዘር ስንቱ እንደሚበቅል የሚታይበትን፣ ጥሩ አድርጎ ሊያልፍ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ቆይቶ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ያኔ ደግሞ የሚወቀሰው መጋዘኑ ነው!

ሃሪንግተን የተባለው ተመራማሪ ያስቀመጠው የታወቀ ስሌት አለ። በተወሰነ ክልል ውስጥ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚሁ። ግን እጥፍ የሚሆነው ዘሩ ይዞት የመጣው ዕድሜ ነው። ትንሽ ይዞ የመጣ፣ ቢባዛም ትንሽ ነው።

ማድረቅም ከማቀዝቀዝ ይቀድማል። በሙት ባሕር አጠገብ ማሳዳ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2005 የበቀለው የ2,000 ዓመት ገደማ የቴምር ዘር ፍሪጅ አላየም። ያቆየው ደረቅ ቦታ ነው። እርጥብ ዘር ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ «አስቀመጥኩ» ማለት ግን ራስን መሸወድ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሊገድለው ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ድርቀትን ለሚችሉ ዘሮች ነው። የአቮካዶ፣ የካካዋና የጎማ ዛፍ ዘር ከደረቀ ይሞታል። ቡና መሀል ላይ ነው፦ መጠነኛ ድርቀት ይችላል፣ ከዚያ ካለፈ ይጎዳል።

«ታዲያ ዘሩ ተክሉ ላይ እስኪደርቅ እንጠብቅ?» የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ አይደለም። የደረቀ ዘር ዝናብ ደጋግሞ ሲመታው እዚያው ያረጃል፣ አንዳንዱም ዛላው ላይ እያለ ይበቅላል። እንደ ቃሪያና ዱባ ባሉ ተክሎች ደግሞ ቀድሞ የተለቀመውን ፍሬ ሳይከፍቱ ማቆየት ይቻላል፤ ዘሩ ውስጡ ሆኖ መብሰሉን ይቀጥላል።

የዘር ባንኮች ከብቅለት መቶኛው ጎን ተክሉ ካበበ በስንተኛው ቀን ዘሩ እንደተለቀመ ቢመዘግቡ ጥሩ ነው። የዱር ተክል ሰብሳቢ አበባውን ላያየው ይችላል፣ እውነት ነው። እሱ ቢያንስ የፍሬውን ቀለምና ዘሩ በራሱ መርገፍ መጀመር አለመጀመሩን ይጻፍ።