50 ሚሊሜትር ሌንስ በሁሉም ካሜራ አንድ አይደለም

«አንድ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ 50 ሚሊሜትር ግዙ፤ በየትኛውም ካሜራ ዓይን እንደሚያየው ያሳያል» የሚለው ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም «በየትኛውም ካሜራ» የሚለው ልክ አይደለም።

ሴንሰራቸው (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚቀርጸው ክፍል) 36 በ24 ሚሊሜትር ለሆነ ካሜራዎች ምክሩ ያስኬዳል። ጀማሪ በብዛት የሚገዛቸው ግን ሴንሰራቸው አነስ ስለሚል የምስሉን ዳር ዳር ያስቀራሉ፤ የሌንሱ ቁጥር ሲጨምር እይታ ይጠብባልና፣ የ50ው እይታ በኒኮን እንደ 75፣ በካነን እንደ 80 ሚሊሜትር ሌንስ ይጠብባል። ቡና በሚፈላበት ትንሽ ሳሎን ረከቦቱ ሲገባ እንግዶቹ ይቀራሉ፤ ወደ ኋላ ልበል ብትሉ ግድግዳው ይይዛችኋል።

ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግም። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ 50 ላይ አድርጋችሁ ቀኑን ሙሉ ሳትነኩት አንሡበት፤ በማግስቱ 35 ላይ። በእነዚህ ካሜራዎች የትም ይዤው የምሄደው 35ቱን ነው።