የ«አኩ ኖ ሃና» ታሪክ በበዓሉ ሌሊት አያበቃም

የጃፓናዊው የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ልቦለድ) ደራሲና ሠዓሊ ሹዞ ኦሺሚ ሥራ የሆነው «አኩ ኖ ሃና» (የክፋት አበቦች) በተነሣ ቁጥር ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፤ ታሪኩ በመካከሉ ባለው የበጋ በዓል ሌሊት መዘጋት ነበረበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀዝቃዛና የተንዛዛ ነው የሚል። በዚህ አልስማማም። ማንጋው እርስ በርስ ስለሚጎዳዱ ወጣቶች ሊናገር የተነሣው ዋና ነገር ያለው ብዙዎች በችኮላ ገልጠው በሚያልፉት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም በመጀመሪያው ንባቤ ገጾቹን እየገለጥሁ አልፌአቸው ነበር።

ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ኮዳንሻ በሚያሳትመው «ቤሳትሱ ሾነን ማጋዚን» በተባለ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ11 ቅጽ ተጠናቋል። ታሪኩ የሚጀምረው በተራራ በተከበበች፣ ኦሺሚ የተወለደባትን ኪርዩን በምትመስል ትንሽ ከተማ ነው። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪው ካሱጋ ታካኦ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የሻርል ቦድሌርን የግጥም መድበል እንደ ክታብ ይዞት ይዞራል፤ መጽሐፉ በ1857 ሲታተም ገጣሚውን ለፍርድ ያቀረበና ስድስት ግጥሞች የታገዱበት ሲሆን፣ ማንጋውም ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። አንድ ቀን ካሱጋ ይህንኑ መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ረስቶ ሊወስደው ሲመለስ፣ ከሩቅ የሚያመልካትን የሳኤኪ ናናኮን የስፖርት ልብስ ወድቆ ያገኘዋል፤ አንሥቶም ይሮጣል። ከኋላው የምትቀመጠው ናካሙራ ሳዋ ግን አይታዋለች።

ናካሙራ ገመናውን ለማንም አትናገርበትም፤ በምትኩ ውል ታስገባዋለች። ከሳኤኪ ጋር በያዘው የመጀመሪያ ቀጠሮ የሰረቀውን ልብስ ከሸሚዙ ሥር ለብሶ እንዲሄድ ታስገድደዋለች፣ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ትመለከተዋለች፣ በመጨረሻም በባልዲ ውኃ ትደፋበታለች። እነዚህን ገጾች ሳነብ እጄን ያላበኝ ከጭካኔያቸው ይልቅ እውነትነታቸው ነው። ካሱጋን ያሰረው ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አምርሮ ይላቀቅ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ማንም በትክክል አላወቀውም፤ ናካሙራ የመጨረሻውን አስነዋሪ ነገሩን አውቃ እንኳ አልሸሸችውም። እንዲህ ካለ ግንኙነት ውስጥ ያለን ሰው «ለምን ትቶ አይሄድም?» ብለን ስንጠይቅ የምንዘነጋው ይህን ነው፤ የሚያዋርደው ሰው፣ በእሱ ዐይን፣ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ነው።

ካሱጋ ራሱ ንጹሕ ተበዳይ አይደለም። ሳኤኪን መልአክ፣ ናካሙራን ደግሞ ከዚያች ጠባብ ከተማ የምታወጣው ነጻ አውጪ አድርጎ ቀርጿቸዋል፤ እነሱ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ የጠየቀበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ካሱጋና ናካሙራ ከተማዋን ጥለው ለመሄድ በወጡበት ቀን፣ ተራራው ላይ ዝናብ እየመታቸው ሁለቱ ሴቶች እንዲመርጥ ሲያፋጥጡት አንዷንም መምረጥ ያቅተዋል፤ ያ ሁሉ ሲመካበት የነበረውን መጽሐፍ እንኳ እንዳልተረዳው፣ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያምናል። ለእኔ ከመጀመሪያው ግማሽ ሁሉ የሚልቀው ትዕይንት ይህ ነው።

በ2013 በሂሮሺ ናጋሃማ ዳይሬክተርነት የተሠራው 13 ክፍል ያለው አኒሜ (የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተከታታይ) ከበዓሉ ሌሊት በፊት ይቆማል። ታሪኩን በእሱ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ናካሙራን እንደ ጀግና ቢያዩአት አይገርምም።

በዚያ ሌሊት ካሱጋና ናካሙራ በሕዝብ ፊት ሕይወታቸውን ሊያጠፉ ሞክረው ሳይሳካ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ካሱጋን በቶኪዮ አጠገብ ባለችው በሳይታማ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ እናገኘዋለን። እዚያ በአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ያንኑ የቦድሌር መጽሐፍ የያዘች ቶኪዋ አያ የምትባል ልጅ ያያል። ቶኪዋም ምስጢር አላት፤ ለወንድ ጓደኛዋ እንኳ ያላሳየችው፣ ልትጽፈው የምታስበው ልቦለድ። ለካሱጋ ግን ራሷ ወዳ ትሰጠዋለች፤ እሱም በተራው ያለፈውን ሁሉ ይነግራታል። በመጀመሪያው ግማሽ ምስጢር አንገት ላይ የገባ ሸምቀቆ ነበር፤ እዚህ አንዱ ለሌላው በእምነት የሚያስረክበው አደራ ሆኗል። ኦሺሚ ይህን ለውጥ ለማሳየት ዝግታ ያስፈልገው ነበር፤ ሰዎች «ተንዛዛ» የሚሉት ይህንኑ ዝግታ ነው።

ሳኤኪም ሐሳቧን በግልጽ የምትናገረው በዚሁ ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል ተረግጣ የቀረችው ይህች ልጅ ካሱጋን ዳግም ስታገኘው፣ ቶኪዋ የናካሙራ ምትክ መሆን አለመሆኗን ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች። ታሪኩ በበዓሉ ሌሊት ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተነሣም ነበር፤ አንባቢውም ሳኤኪን ካሱጋ እንደረሳት ይረሳት ነበር።

ማንጋው ሥዕል ስላለበት ብቻ ለሕፃን የሚሰጥ አይደለም። ከፍ ላሉ ወጣቶች ግን፣ አብሯቸው የሚወያይ ትልቅ ሰው ካለ፣ ብዙ የሚያነጋግር ሥራ ነው።

በመጨረሻም ካሱጋ ቶኪዋን ይዞ፣ ናካሙራ ከእናቷ ጋር ወደምትኖርበት የባሕር ዳርቻ ይሄዳል። የድሮው ነገር አይመለስም፤ ሦስቱ ማዕበሉ ውስጥ ተያይዘው ይታገላሉ፤ ናካሙራም ዳግመኛ እንዳይመጣ ነግራው ትለያቸዋለች። የመዝጊያው ምዕራፍ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቀን ተመልሶ ያንኑ ከተማና ያንኑ ክፍል በናካሙራ ዐይን ያሳየናል። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች መልካቸው ጠፍቶ፣ በጥቁር ጭረት ተድበስብሰው ይታያሉ። ያን ሁሉ ቅጽ በካሱጋ ዐይን አንዴ ነጻ አውጪ፣ አንዴ ሰይጣን ሆና የኖረችው ልጅ፣ ፊት በሌላቸው ጥላዎች መካከል ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድ የአሥራዎቹ ዕድሜ ተማሪ ናት።