በጉባኤ የዞረ

አንድ አንጋፋ ፖለቲከኛ በቴሌቪዥን ብቅ ሲሉ የሚናገሩትን የሚያዳምጥ ሰው ካለ እኔ እስካሁን አላገኘሁትም። ተመልካቹ የሚመረምረው ከማን ጎን እንደተቀመጡ፣ ሲያጨበጭቡ መዳፋቸው በትክክል መግጠም አለመግጠሙን፣ ባለሥልጣኑ ሲቀልድ ጥርሳቸው መታየት አለመታየቱን ነው። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል፤ ወይ «ተደመሩ»፣ ወይ «ድሮም የእነሱ ነበሩ»፣ ወይ ደግሞ «ሰርገው ገብተው ነው፣ ቆይ ታያላችሁ» ይባላል። ይህን ሦስተኛውን ፍርድ የሚሰጡት አሁንም የሚወዷቸው ናቸው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ጨዋታውን አቁመው አንድ ስልክ ላይ ሲደፉ አየሁ። የአንድ ስብሰባ ፎቶግራፍ ነበር፤ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንጋፋው ሰው በሁለት እጃቸው የውሃ ፕላስቲክ ይዘዋል። የስልኩ ባለቤት ምስሉን በሁለት ጣቱ እያሰፋ «ያውላችሁ፣ አላጨበጨቡም! አቋማቸው አልተለወጠም!» ሲል፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና «ልጄ፣ ክዳኑን እየከፈቱ እኮ ነው። ጠጥተው ሲያበቁ ማጨብጨባቸው አይቀርም» አሉት። ክርክሩ ንፍሮው እስኪዞር ዘለቀ፤ በዚህ ሁሉ መሃል ሟቹን ያነሳ አልነበረም።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሰውየው ቆመው ሳለ ቤቱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። በአብዮቱ ዘመን ከነበረው የግራ ፓርቲ ከኢሕአፓ ተለይተው በ1973 ዓ.ም. ኢሕዴን የተባለውን ታጣቂ ድርጅት ከመሠረቱት ጋር የተሰለፉ አንድ ታጋይ አሉ እንበል። እኚህ ሰው አንዲት የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይጽፉ በ1986 ብአዴን፣ በ2011 አዴፓ፣ በ2012 ብልጽግና ሆነዋል። የገቡበት ድርጅት ኅብረ ብሔራዊ ነበር፤ ቀጥሎ የአንድ ብሔር፣ የአማራ፣ ሆነ፤ በመጨረሻም ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ተመልሶ ኅብረ ብሔራዊ ነኝ አለ። እሳቸው ትናንት ለአብዮታዊ ዴሞክራሲ፣ ዛሬ ለመደመር እጃቸውን ያወጡት ከተሰብሳቢው ጋር እኩል ስለሆነ ከዳህ የሚላቸው የለም። ለብቻው የዞረ ሰው ከሃዲ ይባላል፤ ከጉባኤው ጋር የዞረ ግን ታሪካዊ ውሳኔ አሳልፏል ይባልለታል፣ የውሎ አበልም ይታሰብለታል።

በተቃዋሚው ጎራ ደግሞ ቤቱ ከሰው ላይ ይነሳል። በ1997ቱ ምርጫ አራት ፓርቲዎች ሆኖ የገባው ቅንጅት፣ መሪዎቹ ታስረው ከተፈቱ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ስሙ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ቡድን ተሰጠ። ከእስር የወጡት ከፊሎቹ አንድነት የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ፤ በ2007 ደግሞ ቦርዱ አንድነትንም እንዲሁ ለአንደኛው ክንፍ ወሰነ። የአንድነት የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የዚያው ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ሁለት ጊዜ ፓርቲ አልባ የሆነውን ተራ አባል፣ «አንተ ሰውዬ፣ በየጊዜው ፓርቲ የምትቀያይረው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚገመግም ሰው ሞልቷል።

ግንቦት 7 የተባለው የተቃዋሚ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. በፓርላማ አሸባሪ ተባለ፣ በ2010 ስያሜው ተነሣለት፣ ከአርበኞች ግንባር ጋር ተዋሕዶ ከቆየ በኋላ በ2011 ራሱን አክስሞ ኢዜማ የተባለው ፓርቲ ውስጥ ገባ፣ መሪው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋም በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ሹመት የሌሎቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ የአብንና የኦነግ፣ ሰዎችም የሚኒስትርነት ወንበር አግኝተዋል። ሹመቱ በተነገረ ማግስት አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሥልጡን ፖለቲካ መጣ ሲል ግማሹ በሁለት ቢላዋ የሚበሉ ናቸው አለ። ሚኒስትሩ በሥራቸው ይመዘኑ የሚል አንድ ሰው ቢነሣ፣ እሱም የማን ወገን እንደሆነ መጠርጠሩ አይቀርም ነበር።

ይህ ጠባያችን የዛሬ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን የኢሕአፓ ተቀናቃኝ የነበረው የግራ ፓርቲ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ ባለ ጊዜ ኢሕአፓ በባንዳነት ከሰሰው፤ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ ደግሞ ደርግ ከዳኝ ብሎ አሳደደው። ድጋፉን ደርግ ወሰደ፤ ሂሱን ግን የሚረከበው አላገኘም። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በአንድ ድርጅት ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የክህደት ፍርድ የተሰጠበት እንዲህ ያለ የተሟላ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

የሰውን ታማኝነት በወንበሩ አቅጣጫ መለካት ካልበቃን፣ ሌላ መንገድ መኖሩን ለአንድ ፖለቲካ ወዳድ ጓደኛዬ ነገርኩት። መሬት የማን ይሁን፣ ፌዴራሊዝሙስ እንዴት ይዋቀር በሚሉት ጥያቄዎች ላይ አንጋፋው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉትን ዛሬ ከሚናገሩት ጋር አስተያይ አልኩት። ሰነፍ አይደለምና አሮጌ ጋዜጦችና መግለጫዎች አሰባስቦ፣ አስምሮባቸው፣ በሳምንቱ መጣ። በሦስት ፓርቲና በሁለት ጥምረት ውስጥ አልፈው ሰውየው በመሬት ጉዳይ ላይ አንድ ቃል አልቀየሩም። «ታዲያ ፍርድህ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ?» አለኝ፤ «ግትር ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከማን ጋር አብሮ ሊሠራ ይችላል?»